የሚያይ ካሜራና የሚያስተውል ካሜራ፤ ስለ መጋዘንና ስለ ሱቅ ጥበቃ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ ከደጋው አፋፍ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከታችም በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን፣ ርዝመቱ 303 ሜትር የሆነውን የኅዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። በቢቸናና በሞጣ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ገበያ የሚሄደው ጤፍ፣ ከአዲስ አበባም ወደዚያው የሚመለሰው ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆርቆሮና ዘይት በዚሁ በር ያልፋል። በድልድዩ ራስጌ የሚቆመው ዘበኛ በቀን ውስጥ የሚያልፈውን መኪናና እግረኛ ሁሉ ያያል፤ ሁሉን ግን አያስቆምም። ፍየሉን የሚነዳውን እረኛ፣ ሞተሩ ስለ ጋለበት ከዳር የቆመውን ሹፌር ዐይቶ ያልፋቸዋል። ከድልድዩ መካከል ደርሶ ያለ ምክንያት ቆሞ ወደ ምሰሶው የሚመለከተውን ሰው ግን ከሩቅ ለይቶ ያውቀዋል። ማየትና ማስተዋል ልዩ ልዩ ነገር መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በየመጋዘኑና በየሱቁ የሚሰቀለው ተራ ካሜራ ያያል እንጂ አያስተውልም። ሌሊቱን በሙሉ የተዘጋ በር ሲቀርጽ ያድራል፤ በሩ በተሰበረባት ደቂቃም ያንኑ ሥራውን ይቀጥላል፤ ለእርሱ ሁለቱ አንድ ናቸው። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው በማግሥቱ መቆለፊያው ተሰብሮ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ካሜራው የሚያገለግለው የሆነውን ለማስታወስ እንጂ የሚሆነውን ለመከልከል አይደለም። አሁን በየአገሩ እየተስፋፋ ያለው የቪዲዮ ትንተና የተባለው ዘዴ ይህን ጉድለት ለማቃናት የመጣ ነው። ይኸውም ካሜራው ወይም ከካሜራው ጋር የተያያዘው ኮምፒዩተር ምስሉን በየቅጽበቱ እየመረመረ ሰውን ከእንስሳ፣ መኪናን ከጋሪ ይለያል፤ ባለቤቱ አስቀድሞ የሰጠውን ትእዛዝ የሚነካ ነገር ሲያይም ወዲያው ያስታውቃል።

የዚህ ሥራ ታሪክ ረጅም አይደለም። በገመድ የተያያዘ የጥበቃ ቴሌቪዥን መጀመሪያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን አገር፣ የሮኬት አወጣጥን ከሩቅ ሆኖ ለመመልከት ነበር። ከኮምፒዩተር ኔትወርክ ጋር በቀጥታ የሚገናኘውን የመጀመሪያውን ካሜራ አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ1996 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ፤ ያም ካሜራ በከፍተኛው ጥራቱ አንድ ምስል ለመላክ 17 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ ተስማምተው ኦንቪፍ የተባለውን ማኅበር ስላቋቋሙ፣ የማኅበሩን ደንብ የሚከተሉ ካሜራዎችና መቅጃዎች ከተለያየ ፋብሪካ ቢወጡም እርስ በርሳቸው ሊግባቡ ቻሉ፤ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ ይህን ምልክት ቢጠይቅ ደንበኛውን በአንድ ፋብሪካ ብቻ ከመታሰር ያድነዋል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኮምፒዩተር እጅግ ብዙ ምስሎችን እያየ ዕቃን በዐይነቱ መለየት የሚማርበት ዘዴ ፈጥኖ ስለ ተሻሻለ፣ ትንተናው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ በሚሸጥ ካሜራ ውስጥ ለመግባት በቃ።

አንዳንድ ነጋዴ፣ «ዘበኛ አለኝ፤ ካሜራውንም እርሱ እየተመለከተ ይጠብቃል» ይል ይሆናል። በ1999 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ስለ ትምህርት ቤቶች ጥበቃ የተዘጋጀው መመሪያ ግን፣ የቴሌቪዥን መስኮት የሚከታተል ሰው ከ20 ደቂቃ በኋላ ትኵረቱ ከሚፈለገው እጅግ ዝቅ እንደሚል ገልጿል። ይህ የዘበኛው ስንፍና አይደለም፤ የሰው ልጅ አእምሮ ምንም የማይለወጥበትን ነገር ለረጅም ጊዜ ለመመልከት የተፈጠረ አይደለምና ነው። ዘበኛ በጓሮው ሲዘዋወር፣ የበሩን ቍልፍ ሲነካ፣ የውሻውን ጩኸት ሲሰማ ይጠቅማል፤ ከመስኮት ፊት ሲቀመጥ ያንቀላፋል። የትንተናው ዋና ጥቅም ዘበኛውን ማስቀረት ሳይሆን ከመስኮቱ ፊት አስነሥቶ ወደ ሥራው መመለስ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት «ብልኅ» የተባሉት ካሜራዎች ያደርጉት የነበረው አንዱን ምስል ከሚቀጥለው ጋር አስተያይቶ ልዩነት ሲገኝ መጮህ ብቻ ነበር። በዚህ ስሌት የዛፍ ጥላ፣ ዝናብ፣ የመኪና መብራት፣ በሌሊት የሚያልፍ ጅብ ሁሉ ሌባ ነው። በኢንፍራሬድ የሚያበራ ካሜራ በሌሊት ነፍሳትን ይስባል፤ ሸረሪትም ነፍሳቱን ፍለጋ ድሯን በመስተዋቱ ላይ ትዘረጋለች፤ ነፋስ ድሩን ባነቃነቀው ቍጥር የባለቤቱ ስልክ ይጮኻል። በሌሊት አሥር ጊዜ በከንቱ የተቀሰቀሰ ሰው በዐሥራ አንደኛው ጊዜ ስልኩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሌባውም የሚመጣው ያን ጊዜ ሊሆን ይችላል። የአሁኑ ትንተና የሚለየው፣ ልዩነት መኖሩን ብቻ ሳይሆን የተነቃነቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመፍረድ በመሞከሩ ነው። አይሳሳትም ማለት ግን አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ፣ በቢቸና ከተማ ጤፍ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። መጋዘኑ አንድ ሰፊ በር፣ አንድ የጓሮ በርና የመኪና ማቆሚያ ግቢ አለው። ይህ ነጋዴ ከካሜራ ሻጭ ዘንድ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ካሜራ ትፈልጋለህ?» ተብሎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ግን «ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» የሚለው ነበር። በጓሮ በር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማንም ሰው መግባት ከሌለበት፣ በበሩ ፊት በምስሉ ላይ መስመር ይሰመራል፤ ሰው የሆነ ሁሉ በእነዚያ ሰዓቶች ያን መስመር ሲሻገር ደወል ይደወላል። ቀን ቀን ግን ደወሉ ዝም ይላል፤ አለበለዚያ ጽዳት የምትሠራው ሴት በወጣች በገባች ቍጥር ሊጮኽ ነውና። በግቢው ውስጥ መኪና ማደሩ የተለመደ ከሆነ መኪናውን ትቶ በመኪናው ዙሪያ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚቆይ ሰው ብቻ እንዲነገረው ያዝዛል። ይህ የድልድዩ ዘበኛ ያለ ትምህርት የሚያደርገው ነው፤ ለማሽኑ ግን ቦታውም፣ ሰዓቱም፣ የቆይታው ልክም ተለይቶ ሊነገረው ያስፈልጋል።

ነጋዴውን ከሌባ ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን ብዙ ጊዜ የቍጥር ጕድለት ነው። ሃምሳ ኩንታል ተጭኗል ተብሎ ደረሰኝ ተቈርጦ፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲራገፍ አርባ ስምንት ይገኛል። ሹፌሩ የመጋዘኑን ቆጣሪ፣ ቆጣሪው ጫኝና አውራጁን፣ ሁሉም በአንድነት ሹፌሩን ይከሳሉ። ከበሩ በላይ ቁልቁል የሚመለከት ካሜራ መስመር ተሰምሮለት ወደ ውጭ የሚያልፈውን ጆንያ ሊቈጥር ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት ተሸካሚዎች ጎን ለጎን ሆነው ሲያልፉ እንደ አንድ ሊቈጥራቸው ስለሚችል፣ በጭነት ጊዜ መተላለፊያውን አጥብቦ አንድ በአንድ እንዲያልፉ ማድረግ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ልብ ሊባል ይገባል፤ የካሜራው ቍጥር ከቆጣሪው ቍጥር ቢለይ ሰው ሰርቋል ማለት አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ማሽኑ እያንዳንዱ ጆንያ ያለፈበትን ሰዓትና ደቂቃ ስለሚመዘግብ፣ ባለቤቱ የአራት ሰዓት ፊልም ተቀምጦ ከመመልከት ይልቅ አጠራጣሪ የሆኑትን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ከቆጣሪውና ከተሸካሚዎቹ ጋር አብሮ ያያል። ከማየቱ በፊት ሠራተኛ ያባረረ ነጋዴ ማሽኑን ያለ ቦታው ተጠቅሞበታል፤ የአንድ ቤተሰብ እንጀራም በማሽን ስሕተት ተቋርጦ ይሆናል።

ስለ ምስል ጥራት የሚነገረው ብዙ ስለ ሆነ ነጋዴው ራሱ ሊያሰላው የሚችለውን ልክ ማወቅ ይጠቅመዋል። ምስል የተሠራው ፒክሰል ከተባሉ ነጥቦች ነው። በአውሮፓ የካሜራ ደረጃ መሠረት፣ በቦታው ሰው መኖሩን ለማወቅ ለአንድ ሜትር ስፋት 25 ነጥብ፣ የሚያውቁትን ሰው ለይቶ ለመጥራት 125 ነጥብ፣ የማያውቁትን ሰው ማንነት ያለ ጥርጥር ለማረጋገጥ ደግሞ 250 ነጥብ ያስፈልጋል። በገበያ የተለመደው ካሜራ በአግድም 1920 ነጥቦች አሉት። ይህ ለ25 ሲካፈል 76 ሜትር ከ80፣ ለ250 ሲካፈል ግን 7 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ግቢውን በሙሉ እንዲያሳይ ከማዕዘን የተሰቀለው ካሜራ «ሰው አለ» ሊል ይችላል እንጂ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ሊመሰክር አይችልም። ማንነት የሚፈለግ ከሆነ ሌላ ካሜራ በሩን ብቻ እንዲመለከት፣ ከሰው ፊት ከፍታ ብዙም ሳይርቅ መስቀል ግድ ነው። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚቀረጸው የሌሊት ምስል ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ፣ «ቀይ ልብስ የለበሰው» የሚል ምስክርነት ከእርሱ አይገኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኔትወርኩ ጉዳይ ነው፤ በምሥራቅ ጎጃም ላለ ነጋዴም ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋ ቢት ምስል ቢያወጣ በቀን 43 ጊጋ ባይት ያህል ይሞላል፤ ስምንት ካሜራዎች በሠላሳ ቀን ከ10 ቴራ ባይት በላይ ይጠይቃሉ። አዲሱ የምስል ማመቂያ ዘዴ ይህን በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። ይህን ሁሉ ምስል በሩቅ ከተማ ወዳለ ኮምፒዩተር ልኮ እዚያ ማስመርመር በአዲስ አበባ በመልካም መስመር ቢቻልም፣ በሞጣ ግን መስመሩም ክፍያውም የሚፈቅደው አይሆንም።

ከሞጣ ከተማ አቅጣጫ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው ጥንታዊው የዓባይ ድልድይ፣ ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ሲያገለግል ኖሮ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ስለ ፈረሰ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። በሁለቱ ወገን ያለው ግንብ ሳይነካ ቆሞ ሳለ፣ በመካከሉ ባለው ክፍተት ምክንያት መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ተጠግኖ ለእግረኛ ከተከፈተ በኋላም በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ነው ከጎርፉ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራለት። ማስተዋሉን በሩቅ ኮምፒዩተር ላይ የጣለ የካሜራ ሥርዐትም እንዲሁ ነው፤ ካሜራውም ኮምፒዩተሩም በየፊናቸው ደኅና ሆነው ሳለ መካከሉ ሲቈረጥ ሁለቱም ከንቱ ይሆናሉ። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ ይታወሳል።

ስለ ሆነም በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚመረጠው ትንተናው በካሜራው በራሱ ውስጥ ወይም በመጋዘኑ ባለው መቅጃ ውስጥ የሚካሄድበት ነው። እንዲህ ያለው ካሜራ ቀኑን ሙሉ ፊልም መላክ አያስፈልገውም፤ ትእዛዝ ሲነካ ብቻ አንድ ትንሽ ፎቶግራፍና አጭር መልእክት ይልካል፤ ለዚህም ደካማ መስመር ይበቃል። መስመሩ ፈጽሞ ቢጠፋ እንኳ በግቢው ያለውን ደወል ያስጮኻል፣ ፊልሙንም በማኅደሩ ያስቀምጣል። ሻጩ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ከአፉ ሳይሆን ገመዱን ነቅሎ ማየት ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ነገርም ከዚሁ የሚለይ አይደለም። አራት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 7 ዋት፣ ማከፋፈያውና መቅጃው በአንድነት 22 ዋት ቢወስዱ ጠቅላላው 50 ዋት ይሆናል። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢሠራበት 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ለ12 ሰዓት፣ ማለትም መብራት በጠፋበት ሌሊት ከምሽት እስከ ንጋት ይበቃል ማለት ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ የሚባክነው ሲታሰብ ግን ልኩ ጥቂት ያንሳል። ኀይልና ምስል በአንድ ኬብል የሚሄዱበት ዘዴ የኤሌክትሪክ ሥራውን ያቀልለዋል፤ ነገር ግን ኬብሉ ከ100 ሜትር መብለጥ ስለሌለበት ሰፊ ግቢ ያለው ነጋዴ ማከፋፈያውን ከመካከል ማኖር ይገባዋል።

ከትንተናው ሁሉ ይበልጥ የሚያጓጓውና ይበልጥም ጥንቃቄ የሚሻው የሰውን ፊት የሚለየው ነው። አንዳንድ ሻጭ፣ ከዚህ ቀደም የሰረቀ ሰው ወደ ሱቁ ሲገባ ማሽኑ እንደሚያስታውቅ ተስፋ ይሰጣል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. 189 የሚሆኑ የፊት መለያ ፕሮግራሞችን መርምሮ ባወጣው ዘገባ፣ አንዱን ሰው ሌላ ነው ብሎ የመሳሳቱ መጠን በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ጋር ሲተያይም በብዙ ፕሮግራሞች ልዩነቱ ከዐሥር እስከ መቶ እጥፍ መድረሱን አስታውቋል። በቢቸና ገበያ ቀን ወደ ሱቅ ከሚገቡት ብዙ ደንበኞች መካከል አንዱ ገበሬ በማሽን ስሕተት ሌባ ተብሎ በሰው ፊት ቢያዝ፣ ባለ ሱቁ የሚያጣው አንድ ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ያ ገበሬ ዘመድና ጎረቤት አለው፤ ወሬውም ከእርሱ ቀድሞ ቀበሌው ይደርሳል።

ሕጉም በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት መከበር ደንግጓል፤ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን ዓላማ እንደሚሰበስብና እንዴት እንደሚጠብቀው ኀላፊነት እንዲኖርበት አድርጓል። ስለዚህ ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በበሩ ላይ መለጠፍ፣ ፊልሙን ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አለማቆየት፣ ማን ሊያየው እንደሚችልም ወስኖ በጽሑፍ ማኖር የሚገባ ነው። የሱቅ ፊልም በወጣቶች ስልክ ላይ መሳቂያ ሆኖ ሲዞር መታየቱ ለንግድ ቤት ክብር አይደለም። ለጥበቃ ሥራ መስመር መሻገርን፣ ቆይታንና ቍጥርን የሚያውቅ ትንተና ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ እነዚህ የሰውየውን ማንነት ማወቅ አይሹም።

በኔትወርክ ላይ ያለ ካሜራ ራሱም ኮምፒዩተር እንደ ሆነ መርሳት አይገባም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጣው የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ሌሎች መሣሪያዎችን በየአገሩ ማርኮ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በእነርሱ አማካይነት ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አሰናክሎ ነበር። ባለቤቶቹ ካሜራቸው የወንጀል መሣሪያ መሆኑን አላወቁም። አስመጪው ለሚሸጠው ካሜራ ሁሉ፣ ተካዩ ከመሄዱ በፊት የይለፍ ቃሉ በደንበኛው ፊት እንዲለወጥ ማዘዝ ምንም ወጪ አይጠይቀውም።

ሌላው ትንተናው የሚረዳበት ነገር እሳት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የነጋዴውን ጥሪት እንዴት እንዳወደመ የሚታወስ ነው። ጣራው ከፍ ያለ መጋዘን ከሆነ ጢሱ ከጣራ ላይ ወዳለው ጠቋሚ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጢስንና ነበልባልን ከምስል ለመለየት የተማረ ካሜራ ግን ከተነሣበት ስፍራ ሊያየው ይችላል። አቧራ ከጢስ ጋር ስለሚምታታበት ጤፍ በሚነፋበትና በሚዘራገፍበት ቤት ብዙ የሐሰት ደወል መጠበቅ ይገባል፤ ስለዚህ ከጢስ ጠቋሚው ጋር እንጂ በእርሱ ፈንታ የሚተከል አይደለም።

ፕሮግራሞቹ ሰውን የተማሩት በአብዛኛው በሌላ አገር ጎዳና ከተነሡ ምስሎች ስለ ሆነ፣ ከመግዛት በፊት በቦታው መፈተን የማይቀር ነው። ፈተናውም በጠራ ፀሐይ፣ ኮት የለበሰ ተካይ በካሜራው ፊት ቀጥ ብሎ በመሄዱ ብቻ ማለቅ የለበትም። ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ በጨለማ ጎንበስ ብሎ ይለፍ፤ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦም ይቆይ። ሌላው በክረምት፣ ዝናብ እየጣለ ጉም ሲወርድ፣ እረኞች የሚለብሱትን ገሳ ደርቦ ይምጣ፤ በገሳ የተሸፈነ ሰው ለማሽኑ የሣር ክምር መስሎ ሊታየው ይችላልና። አህያ ከነጭነቱ በበሩ ይነዳ። የመኪና ሰሌዳ ያነባል የተባለ ካሜራ የግዕዝ ፊደል ያለበትን፣ ጭቃ የነካውን ሰሌዳ እንዲያነብ ይታዘዝ። ስንቱን እንደ ለየ፣ ስንቱን እንደ ሳተ፣ ስንት ጊዜ በከንቱ እንደ ጮኸ በወረቀት ይጻፍ። ይህ ሙከራ ለዐሥራ አምስት ቀን እንዲካሄድና ዋጋው የሚከፈለው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ከሻጩ ጋር በውል መስማማት ይቻላል፤ በየስድስት ወሩ መጥቶ መስተዋቱን የሚጠርግና መስመሮቹን የሚያስተካክል ሰው ማን እንደ ሆነም በዚያው ውል ላይ መጻፍ አለበት።